የጅማው አሠልጣኝና የአስመራው አምበል

መንደርደሪያ

የእግር ኳስ ታሪክ በአብዛኛው የሚጻፈው በጎል አግቢዎች ስም ነው። ሕዝብ የሚያስታውሰው ኳሷን ከመረብ ያገናኘውን እግር እንጂ፣ ቡድኑ ተመርቶ ልቡ በሸሸበት ሰዓት ጓደኞቹን ሰብስቦ ያጸናውን ሰው አይደለም። የአምበል ሥራ ግን ይኸው ነው። በዳኛ ፊት የሚቆመው፣ የአሠልጣኙን ሐሳብ በሜዳ ላይ የሚያስፈጽመው፣ ሽንፈት ሲመጣም ስሙ አስቀድሞ የሚነሣው እርሱ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ1954 ዓ.ም. ነው። የዚያን ዕለት ዋንጫውን የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ቡድኑን ያሠለጠኑት ደግሞ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። አንዱ የአስመራ፣ ሌላው የጅማ ተወላጅ ናቸው። የሁለቱ ሰዎች መንገድ እንዴት እንደ ተገናኘና እንዴት እንደ ተለያየ መመርመር ስለ ኳስ ብቻ ሳይሆን፣ አገር የእኔ የምትለውን ሰው በምን እንደምትለይም ያስገነዝባል።

ከሂርማታ ገበያ አገር

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ነው። ጅማ በዚያን ጊዜ በዳግማዊ አባ ጅፋር የምትተዳደር፣ የሂርማታ ገበያዋም ከየአቅጣጫው የሚመጣው ነጋዴ የሚገናኝበት ስመ ጥር አገር ነበረች። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ የታወቁ፣ ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽም ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚ የሆኑ ሰው ናቸው። ልጃቸው ግን ስሙን ያስጠራው በሌላ መስክ ነው።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን በአዲስ አበባ የተቋቋመው በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም.፣ የኢጣሊያ ጦር አገሪቱን በወረረበት ወቅት ነበር። ጠላት ከተማዋን ከያዘ በኋላ ለኳስ ሜዳውም የዘር ሕግ አወጣለት፤ ነጭና ጥቁር በአንድነት እንዳይጫወቱ ተከለከለ። ወጣቱ ይድነቃቸው ኳስ መጫወት የለመዱት በዚህ ዓይነት ዘመን ነው። ከሃያ ዓመት በላይ በአጥቂነት የተሰለፉትም ለዚሁ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። በኋላ በዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ የዘር መድልዎን በተቃወሙ ጊዜ የሚናገሩት ከመጽሐፍ ያነበቡትን ሳይሆን በገዛ ሜዳቸው ያዩትን ነበር ማለት ይቻላል።

ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአገር ውስጥ ውድድር ሲደረግ የተሰለፉት አምስት ቡድኖች እያንዳንዳቸው አንድን ማኅበረሰብ የሚወክሉ ነበሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን፣ ፎርቲቱዶ የኢጣሊያውያን፣ አራራት የአርመኖች፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች ሲሆኑ፣ አምስተኛው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበር። ዋንጫውን የወሰደውም ይኸው የእንግሊዞቹ ቡድን ነው። ኳስ በዚያን ጊዜ በየወገኑ ተከፋፍሎ ይካሄድ እንደ ነበር ከዚህ ይታያል። ከ18 ዓመት በኋላ በአንድ ማልያ ሥር የልዩ ልዩ ወገን ልጆችን አሰልፎ ለድል መብቃት እንዲያው በዋዛ የተገኘ ነገር አይደለም።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲመሠረት፣ ኢትዮጵያ ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር መሥራች ነበረች፤ ከወካዮቿም አንዱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። የደቡብ አፍሪካ ተወካይ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ቡድን ለማሰለፍ እንደማይፈቅዱ ስለ ገለጹ አገራቸው ከውድድሩ ወጣች። ኢትዮጵያ የምትጋጠመው ከዚችው አገር ጋር ስለ ነበር ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተረታች። አራቱንም ጎሎች ያስቆጠረው አንድ ሰው፣ ሙሐመድ ዲያብ አል ዓጣር ነበር። በ1951 ዓ.ም. በካይሮ በተደረገው ሁለተኛ ውድድርም ቡድኑ በግብፅ 4 ለ 0፣ በሱዳን 1 ለ 0 ተሸንፎ ተመለሰ። በሁለቱ ውድድሮች አንድም ጎል ያላስቆጠረ ቡድን ሦስተኛውን በገዛ ከተማው እንዲያሸንፍ ማሠልጠን ለአቶ ይድነቃቸው የተሰጠ ሥራ ሆነ።

ክንዱ ላይ ምልክት የታሰረለት ሰው

ሉቺያኖ ቫሳሎ በ1927 ዓ.ም. በአስመራ ሲወለድ አባቱ ኢጣሊያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ነበሩ። በ1932 ዓ.ም. የወጣው የኢጣሊያ ሕግ ደግሞ ኢጣሊያዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ በስሙ እንዳያስመዘግብ የሚከለክል ነበር። ስለዚህ እንደ እርሱ ያሉት ልጆች ያደጉት ነጩ ወገን ሳይቀበላቸው፣ ጥቁሩም ወገን በጥርጣሬ ሲያያቸው ነው። ሉቺያኖ ኑሮውን በመካኒክነት እየገፋ፣ በአስመራ ቡድኖች ሲጫወት ቆይቶ ወደ ድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን ተዛወረ። ይህ ቡድን በዚያን ዘመን የአዲስ አበባን ቡድኖች አስቀድሞ የአገሪቱን ዋንጫ ደጋግሞ የወሰደ ነው። ለብሔራዊ ቡድኑ በአማካይነት ተሰልፎ አምበል ሲሆን ታናሽ ወንድሙ ኢታሎም አብሮት ነበር።

በጥር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው ውድድር የተካፈሉት አራት አገሮች ናቸው። ኢትዮጵያ በመጀመሪያ የገጠመችው ቱኒዚያን ሲሆን፣ 2 ለ 0 ከተመራች በኋላ 4 ለ 2 አሸነፈች። ጥር 13 ቀን የተደረገው ፍጻሜ ከግብፅ፣ በዚያን ጊዜ አጠራር ከተባበረችው ዓረብ ሪፑብሊክ ጋር ነበር። ግብፆች በ35ኛው ደቂቃ ቀደሙ። በ74ኛው ደቂቃ ኢትዮጵያ አቻ ብትሆንም፣ የሕዝቡ እልልታ ሳያበቃ በ75ኛው ደቂቃ ግብፆች እንደ ገና መሩ።

የአምበሉ ሥራ የሚመዘነው በእንደዚህ ያለው ጊዜ ነው። በዚያ ዘመን ተጫዋች እየቀየሩ የጨዋታን መልክ መለወጥ የተለመደ ስላልነበረ፣ አሠልጣኙ ከሜዳው ዳር ሆኖ ሊያደርገው የሚችለው እጅግ ጥቂት ነው። የቀሩት ደቂቃዎች አሥራ አምስት፣ ተጋጣሚው ደግሞ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደ ቡድን ነበር። በ84ኛው ደቂቃ ሉቺያኖ ራሱ አስቆጠረና ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ተሸጋገረ። በ101ኛው ደቂቃ ኢታሎ፣ በ117ኛው ደቂቃ መንግሥቱ ወርቁ ጨመሩበት፤ ውጤቱም 4 ለ 2 ሆነ። አምበሉ ከክብር ትሪቡኑ ወጥቶ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። በልጅነቱ የአባቱ አገር ሕግ ስም የነፈገው ሰው በዚያች ሰዓት የአንድን አገር ሕዝብ ስም ተሸክሞ ቆመ።

ከዚያ ቡድን ተጫዋቾች ብዙዎቹ ከኤርትራ የመጡ እንደ ነበሩ ማስታወስ ይገባል። ዋንጫው በተነሣ በአሥረኛው ወር፣ ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈረሰ፤ ለሠላሳ ዓመት ያህል የዘለቀው ጦርነትም ከዚያ አስቀድሞ ተጀምሮ ነበር። በሜዳ ላይ የተሠራው አንድነት ከሜዳው ውጭ ጠባቂ አላገኘም።

የተለያዩ መንገዶች

ከድሉ በኋላ አቶ ይድነቃቸው ወደ አህጉሩ አመራር ከፍ አሉ። አፍሪካ በ1958ቱ የዓለም ዋንጫ በቀጥታ የሚያልፍ አንድ ቦታ እንኳ በመነፈጓ አገሮቹ ከማጣሪያው በአንድነት እንዲወጡ ከታገሉት አንዱ እርሳቸው ነበሩ። በዚህም ምክንያት በ1962 ዓ.ም. ለአህጉሩ የራሱ ቦታ ተሰጠው። በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በካርቱም የተጀመረው ክርክርም በእርሳቸው ዘመን፣ በ1968 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ከዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በመባረርዋ መልስ አገኘ። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. እስከ ዐረፉበት ዕለት ድረስ በፕሬዚዳንትነቱ ቆይተዋል። በአፍሪካ ኳስ የተከላካይነትን ቦታ የያዙት፣ የአጥቂነት ጫማቸውን ከሰቀሉ በኋላ ነው ቢባል ያስኬዳል።

የአምበሉ ዕጣ ከዚህ የተለየ ነበር። በ1960 ዓ.ም. አዲስ አበባና አስመራ የአፍሪካን ዋንጫ ሲያስተናግዱ ሉቺያኖ አሁንም በሜዳ ላይ ነበር፤ ቡድኑም አራተኛ ወጣ። ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ወደ አሠልጣኝነት ገባ። ከአብዮቱ በኋላ ግን አገር ጥሎ ወደ ኢጣሊያ ተሰደደ። በልጅነቱ ልጄ ያላለችው አገር በስደተኛነት ተቀበለችው፤ ዋንጫ ያስገኘላት አገር ግን በእርጅናው አላየችውም። በመስከረም 2015 ዓ.ም. በሮም ዐረፈ። አንድ አሠልጣኝ ስሙ በአህጉር ደረጃ ሲጠራ፣ ያ አሠልጣኝ የተማመነበት አምበል በራሱ አገር ወጣቶች ዘንድ ከነስሙ አለመታወቁ የሚያሳዝን ነው።

ከኋላ መስመር የሚመራ

ኢትዮጵያ ከ1974 ዓ.ም. ወዲያ ለ31 ዓመት ከአፍሪካ ዋንጫ ርቃ ቆየች። በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ሱዳንን በአዲስ አበባ 2 ለ 0 አሸንፎ፣ በኦምዱርማን የደረሰበትን የ5 ለ 3 ሽንፈት በሜዳ ውጭ ጎል ካሰ። በዚያ ዘመን ብሔራዊ ቡድኑን በአምበልነት ከመሩት አንዱ የቅዱስ ጊዮርጊሱ ተከላካይ ደጉ ደበበ ነው። የመሐል ተከላካይ ሜዳውን በሙሉ ከፊቱ ስለሚያይ ለአምበልነት የተመቸ ቦታ እንዳለው የታወቀ ነው፤ ሆኖም የእርሱ ስሕተት ወዲያው ጎል ስለሚሆን ሸክሙ ከሁሉ ይከብዳል።

ያ ቡድን በደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ የ1954ቱ ፍጻሜ በተደረገበት ዕለት፣ በ51ኛው ዓመት ነው። ተጋጣሚው የዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ ነበር። በረኛው ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ቢወጣም፣ ቡድኑ በአሥር ሰው ተከላክሎ በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ተለያየ። በተከታዮቹ ጨዋታዎች በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተረትቶ ቢመለስም፣ በዚያው ዓመት በሰኔ ደቡብ አፍሪካን በአዲስ አበባ 2 ለ 1 አሸንፏል።

የጅማ ድርሻ

የአቶ ይድነቃቸው የትውልድ ከተማ የኳስ ወሬዋ ለብዙ ዘመን ከአዲስ አበባ የሚመጣ ነበር። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በአሠልጣኝ ገብረ መድኅን ኃይሌ መሪነት ዋንጫውን ወሰደ። በ2011 ዓ.ም. በአህጉራዊው ውድድር ከካይሮው አል አህሊ ጋር ተገናኝቶ በድምር 2 ለ 1 ተሸንፎ ወጣ። በ2014 ዓ.ም. ከሊጉ መውረዱ ድሉን አይሰርዘውም፤ የከተማ ቡድን በአንድ ዓመት ደስታ ብቻ እንደማይጸና ግን ያስተምራል።

ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በሚገኝበት በኪቶ ፉርዲሳ፣ ከዚያም አልፎ በአጋሮና በሊሙ የቡና ከተሞች የሚያድግ ልጅ የአፍሪካን ኳስ ለአሥራ አምስት ዓመት የመራው ሰው የአገሩ ልጅ መሆኑን ሊያውቅ ይገባዋል። ከዚያ ጋር አንድ የአስመራ መካኒክ በድሬዳዋ ፋብሪካ ማልያ አድጎ፣ የጅማውን ሰው ትምህርት ሜዳ ላይ እንዳስፈጸመ ቢነገረው ታሪኩ ሙሉ ይሆናል። የተጫዋቾቻችንን ሥራ በሕይወት ሳሉ መዝግቦ ማቆየት ከፌዴሬሽኖች፣ ከክለቦችና ከሙያ ማኅበራት የሚጠበቅ ግዴታ ነው። የ1954ቱ ቡድን ምስክሮች በየዓመቱ እየተመናመኑ ስለ ሆነ ሥራው ለነገ የሚባል አይደለም።