ዜሮ የተቀመጠበት ጥግ

በግራፍ ወረቀት ላይ የዋይ ቁጥር ወደ ላይ በወጣ መጠን ያድጋል። በአብዛኞቹ የኮምፒዩተር ስክሪኖች ላይ ግን ዜሮ የሚገኘው ከላይ በግራ ጥግ ነው፤ ዋይም የሚያድገው ወደ ታች ሲወርድ ነው። ይህን የወሰነው ሒሳብ ሳይሆን ቴሌቪዥን ነው። በቀድሞው ባለ ቱቦ ስክሪን ውስጥ የኤሌክትሮን ጨረር ከላይ ከግራ ተነስቶ፣ መስመር በመስመር ወደ ታች እየወረደ ምስሉን ይሥላል። የኮምፒዩተሩ ሜሞሪ ፒክሰሎችን በዚያው ቅደም ተከተል ያዘ፤ ፕሮግራመሮችም ቆጠራቸውን ከዚያው ጥግ ጀመሩ።

ለመላው ስክሪን አንድ ዜሮ ብቻ መሆኑ ግን ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ1973 ፓሎ አልቶ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል የተሠራው አልቶ፣ እንደ ወረቀት የቆመ 606 በ808 ፒክሰል ስክሪን ነበረው። ተደራራቢ መስኮቶች ስሞልቶክ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ አማካይነት የታዩት በዚህ ማሽን ላይ ነው።

በ1979 ማዕከሉን ከጎበኙት የአፕል ሰዎች አንዱ ቢል አትኪንሰን ነበር። ከፊሉ የተሸፈነ መስኮት የሚታየው ክፍሉ ብቻ ተለይቶ ሲታደስ ያየ መሰለው። ዜሮክሶች ግን ያን ችግር ገና አልፈቱትም ነበር። አትኪንሰን እንደሚቻል አምኖ ሠራና ራሱ ፈታው! በ1984 ከማኪንቶሽ ጋር የወጣው የእሱ የሥዕል ሶፍትዌር ኩዊክድሮው ለእያንዳንዱ መስኮት የራሱን ዜሮ ሰጠ፤ ከመስኮት ወደ ስክሪን፣ ከስክሪንም ወደ መስኮት ቁጥር የሚመነዝሩ ትእዛዞችንም አቀረበ። ከሁሉ የሚደንቀው ግን የኮኦርዲኔት መስመሮቹ ውፍረት የሌላቸው መሆናቸው ነው፤ የሚያልፉት በፒክሰሎች መካከል እንጂ በላያቸው አይደለም። ስለዚህ ከ10 እስከ 20 የተዘረጋ ሳጥን በትክክል 10 ፒክሰል ይይዛል። ዘጠኝ ነው ወይስ አሥራ አንድ የሚል ጥያቄ አይነሳም።

የማኪንቶሹ ስክሪን 512 በ342 ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ቁጥሮቹ ከ-32768 እስከ 32767 ይደርሱ ነበር። ይህ ስፋት በ1987 ማኪንቶሽ ቱ ከአንድ በላይ ስክሪን ሲያገናኝ ጠቀመ፤ ከዋናው በስተግራ ያለው ስክሪን ከዜሮ በታች ባሉ ቁጥሮች ይጠራል። ዊንዶውስ እዚያ የደረሰው በዊንዶውስ 98 ነው። የማውሱን ቦታ ያለ መቀነስ ምልክት የሚያነብ ፕሮግራም -1ን 65535 አድርጎ ስለሚቀበለው፣ ማይክሮሶፍት ለፕሮግራመሮች በሚያዘጋጀው መመሪያ ስለዚህ ስህተት ያስጠነቅቃል።

የኮምፒዩተር ኩባንያው ኔክስት በበኩሉ በ1988 የገጽ መግለጫ ቋንቋ የሆነውን የፖስትስክሪፕትን ሥርዓት ይዞ ዜሮን ወደ ታችኛው ግራ ጥግ መለሰው። ማክ ኦኤስ ቴን በ2001 ይህን ወረሰ፤ የማክ ፕሮግራመሮች ከላይ የሚቆጥረውንና ከታች የሚቆጥረውን ሥርዓት ለማገናኘት ዛሬም ዋይን ከዋናው ስክሪን ቁመት ላይ ይቀንሳሉ።

በ2008 የተጀመረው የሊኑክሱ የመስኮት ማሳያ ሥርዓት ዌይላንድ ደግሞ ከሁሉም የራቀ መንገድ መረጠ፦ መደበኛ መስኮት ስክሪኑ ላይ የት እንዳለ ለፕሮግራሙ አይነገረውም። ብቅ የሚል ሜኑ እንኳን የሚቀመጠው ከእናት መስኮቱ አንጻር ነው። ይህም መስኮቶቹን የሚያቀናብረው ክፍል እንደ ፈለገ እንዲያንቀሳቅሳቸውና መጠናቸውን እንዲለውጥ ነፃነት ሰጠው። መስኮቱን ትናንት በነበረበት ቦታ ለመክፈት የሚፈልግ ፕሮግራም ግን ቦታውን ራሱ መምረጥ አይችልም።