አንድ ንጥረ ነገር፣ ሁለት በር፦ ትኩረታችን የሚመዘንበት የኖርአድሬናሊን ታሪክ

«ተረጋግተህ አንብብ» ያልተባለ ተማሪ የለም። ዛሬ ከዚህ ምክር ጀርባ ያለውን ታሪክ እናያለን። የሚገርመው ታሪኩን የጀመሩት ሰዎች ስለ ትምህርትና ስለ ትኩረት አላሰቡም፤ የሚያጠኑት ልብንና የደም ሥርን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1946 ስዊድናዊው ኡልፍ ፎን ኦይለር ልብን የሚያስመቱ፣ የደም ሥርን የሚያጠቡ ነርቮች መልእክታቸውን የሚያደርሱት ኖርአድሬናሊን በተባለ ንጥረ ነገር መሆኑን አሳየ። በ1970 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሆነ። ግን አንድ እንቆቅልሽ ነበር፦ ይህ ንጥረ ነገርና ወንድሙ አድሬናሊን አንዱን የሰውነት ክፍል ሲያኮማትሩ ሌላውን ያላላሉ። አንድ ነገር እንዴት ሁለት ተቃራኒ ሥራ ይሠራል?

አሜሪካዊው ሬይመንድ አልኲስት በ1948 መልስ ሰጠ። ልዩነቱ ያለው በመልእክተኛው ሳይሆን በተቀባዩ ላይ ነው አለ። ቁልፉ አንድ ቢሆንም በሮቹ ይለያያሉ። እነዚህን በሮች አልፋና ቤታ ተቀባዮች ብሎ ሰየማቸው። መጀመሪያ የላከለት መጽሔት ጽሑፉን መለሰበት። በሌላ መጽሔት ከወጣም በኋላ ለዓመታት ብዙ ሰሚ አላገኘም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብላክ ግን ሐሳቡን ተቀብሎ በ1960ዎቹ ቤታ ተቀባይን የሚዘጋውን ፕሮፕራኖሎል የተባለ የልብ መድኃኒት አስገኘ፤ በ1988ም የኖቤል ተሸላሚ ሆነ። አልኲስት ይህን ሳያይ በ1983 ሞቷል።

ነገሩ ወደ አንጎል የገባው በ1964 ነው። አኒካ ዳልስትሮምና ሼል ፉክሴ የተባሉ የስዊድን ተመራማሪዎች ኖርአድሬናሊን የያዙ ሴሎችን በማይክሮስኮፕ ሥር እንዲያበሩ በሚያደርግ ዘዴ ተጠቅመው የት የት እንዳሉ ለዩ። ከአንጎል ግንድ ውስጥ «ሰማያዊ ቦታ» የምትባል ትንሽ ነጥብ አለች። ከዚች ጠባብ ስፍራ የሚነሱ የነርቭ ክሮች አብዛኛውን አንጎል ያዳርሳሉ። ስንነቃ ትሠራለች፤ ስንደነግጥ ታይላለች።

በ1985 ደግሞ በአሜሪካ ኤሚ አርንስተንና ፓትሪሺያ ጎልድማን-ራኪች ያረጁ ጦጣዎችን ፈተኑ። ምግብ እያዩ ይደበቅባቸዋል፤ ከዚያ ይጋረድና ጥቂት ቆይቶ ቦታውን እንዲያስታውሱ ይደረጋል። ያረጁት ይሳሳታሉ። ክሎኒዲን የተባለ የደም ግፊት መድኃኒት ሲሰጣቸው ግን ውጤታቸው ተሻሻለ። መድኃኒቱ የሚነካው አልፋ-2 የተባለውን ተቀባይ ነው። የዚሁ ቤተሰብ የሆነው ጓንፋሲን በ2009 በአሜሪካ ትኩረት ማሰባሰብ ለሚቸግራቸው ልጆች እንዲታዘዝ ተፈቀደ። ይህ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚወሰድ ነው።

ዋናው ቁምነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኖርአድሬናሊን በመጠኑ ሲለቀቅ በቀላሉ የሚይዘው አልፋ-2ን ነው። ያኔ ከግንባራችን ጀርባ ያለው፣ ሐሳብ የሚይዘውና የሚያመዛዝነው የአንጎል ክፍል ይጠነክራል። በፍርሃትና በጭንቀት ጊዜ በብዛት ሲፈስ ግን አልፋ-1 የተባለውንም በር ይከፍታል፤ ያ ክፍል ይዳከማል። አንጎል ለመሸሽና ለመታገል ይዘጋጃል እንጂ ለማመዛዘን አይመችም። በጣም ሲያንስ እንቅልፍ፣ በጣም ሲበዛ መደናበር ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ በፈተና ሰሞን ብዙ ወጣቶቻችን ጫት የሚቅሙት «ያነቃል» ብለው ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ዶፓሚንንና ኖርአድሬናሊንን ያስለቅቃል፤ ስለዚህ ማንቃቱ እውነት ነው። ነገር ግን ዓይን መንቃቱና ሐሳብ መሰብሰቡ አንድ አይደሉም። እንቅልፍ አጥቶ ልቡ እየመታ ያደረ ተማሪ ገጹን ገልጦ ጨርሶ ሊሆን ይችላል፤ ጠዋት የሚመዘነው ግን የያዘው ነው።

ሁለተኛ፣ በመድረሳም ሆነ በትምህርት ቤት ዱላ ሲነሳ ወይም ድምፅ ሲጮህበት የያዘው ሁሉ የሚጠፋበት ልጅ አለ። ይህን ልጅ «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት ፍርሃት የትኛውን በር እንደከፈተበት እናስብ። ትናንት ለእናቱ አሳምሮ ያነበበውን ዛሬ ፊታችን ቆሞ ካጣው፣ ትምህርቱ ከውስጡ አልወጣም፤ መንገዱ ተዘግቶበታል። ኡስታዞችና ወላጆች ሆይ! ልጁን በእርጋታ እናስቀምጠው፣ ትንፋሹ እስኪመለስ እንጠብቀው፣ ከዚያ እንጠይቀው።