ፍሪሲዮን ማለት መፋተግ ነው

ዳገቱ ላይ ሞተሩ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠፋብኝ፣ ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ክላክሱን ለቀቀው። አስተማሪዬ ደግ ሰው ናቸው፣ አልተቆጡም። «ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገሽ ልቀቂ፣ ባላንስ ሲይዝልሽ የእጅ ፍሬኑን አውርጂ፣ ነዳጅ ስጪ» አሉኝ። ይቺን ነገር ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰምቻታለሁ። በቃሌ ይዣታለሁ። መኪናዋ ግን ወይ ትጠፋለች፣ ወይ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች።

ማታ ቤት ገብቼ ስናደድ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፦ ፍሪሲዮን ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። ግራ እግሬ ሥር ያለ ፔዳል ነው፣ በቃ። ፈለግኩት። ጣልያንኛ ነው፤ መፋተግ፣ መተሻሸት ማለት ነው።

ለካ ነገሩ ሁሉ እዚያ ቃል ውስጥ አለ። ሞተር ከተነሳ ጀምሮ ይሽከረከራል፤ ጎማው ግን ቆሟል። የሚሽከረከርን ነገር ከቆመ ነገር ጋር እንዴት ታገናኛለህ? መሀል ላይ ክብ ሰሌዳ ታስገባለህ። ፔዳሉ ሲረገጥ ሰሌዳው ከሞተሩ ይለያል፤ ሲለቀቅ ተጣብቆ አብሮ ይዞራል። በመለየትና በመጣበቅ መሀል ግን አንድ አፍታ አለ፤ ይፋተጋሉ። የሞተሩ ጉልበት ወደ ጎማው በጥቂት በጥቂቱ የሚያልፈው ያኔ ነው። አስተማሪዬ ባላንስ የሚሉት እሱን ነው። እኔ ያንን አፍታ እየዘለልኩት ኖሯል።

ከዚያ ሌሎቹንም ቃላት ሳልፈልግ ማደር አልቻልኩም። ካምቢዮ መለወጥ ነው። ፍሬቻ ቀስት ነው፤ የድሮ መኪኖች መታጠፊያ ምልክት እውነትም ከጎን ብቅ የሚል እንደ ቀስት ያለ ክንድ ነበር። ካንዴላ ሻማ ነው። ቸርኬ ክብ ነው። ጎማ፣ ኮፋኖ፣ ታርጋ፣ ቦሎ፣ ጎሚስታ... ጋራዥ ውስጥ ቆመን የምናወራው ግማሹ ጣልያንኛ ነው።

የሚገርመው፣ መኪና ወደዚህ አገር ይዞ የመጣው ጣልያን አይደለም። ቤዴ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ዎልስሌይ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ዘንድ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ባቡሩ ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ሲደርስ ፈረንሳይኛውን ይዞ መጣ፤ ለገሃር የምንለው ጣቢያውን ነው። የምኒልክ መኪና ግን የቤተ መንግሥት ዕቃ ነበረች። ብዙ ሰው ያልነካው ነገር ደግሞ ብዙ ቃል አይተውም።

ቃሉ የመጣው ከካሚዮን ጋር ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣልያን አገሩን ለመያዝ መንገድ ያስፈልገው ነበር፤ ወታደርና ስንቅ የሚሄደው በካሚዮን ነው። በደሴ መንገድ ጣርማ በር ላይ ያለው፣ ዛሬም ሰው የሙሶሎኒ ዋሻ የሚለው፣ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። አርበኞች መንገዱ ላይ አድፍጠው ይመቱታል፤ እሱ መልሶ ይጠርጋል። ሲባረር መንገዱና ካሚዮኑ ቀሩ። ከጣልያኖቹም መካኒክና ሹፌር የነበሩ የተወሰኑት እዚሁ ቀርተው ጋራዥ ከፈቱ። ከዚያ ቀድሞ ቋንቋውን በሥራ የተማሩ የአስመራ ባለሙያዎችም ነበሩ። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም የመኪናው አማርኛ ተሠርቶ አልቆ ነበር ማለት ይቻላል። ይሄን ሳስብ ትንሽ ይከነክነኛል፣ አልዋሽም። ቅኝ አልተገዛንም እያልን ፔዳሉን በገዢው ቋንቋ እንረግጣለን። ግን ደግሞ ቃሉን ያቆየው ጣልያን ሳይሆን ረዳት ነው።

ረዳት ስል አባዬን ማለቴ ነው። አባዬ መንዳት የተማረው አሰብ መንገድ ላይ፣ የፊያት ኤንትሬ ረዳት ሆኖ ነው። (ኤን ለናፍታ፣ ትሬ ሦስት። የመኪናው ስም ራሱ ጣልያንኛ ይቆጥራል።) የእኔ ትምህርት በሰዓት ተከፍሎበት ወር ሳይሞላ አለቀ፤ የእሱ አራት ዓመት ፈጀ። መኪና ማጠብ፣ ሸራ ማሰር፣ ጎማ መፍታት፣ ሌሊት ጭነት መጠበቅ። ዳገት ላይ መኪናው ሲቆም ከላይ ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ታኮ ማድረግ። ታኮም ጣልያንኛ ነው፤ ተረከዝ ማለት ነው። አስተማሪዬ በመጀመሪያው ቀን «ታኮ ጫማ አድርገሽ እንዳትመጪ» ያሉኝም ያው ቃል ነው። አባዬ መሪ የያዘው በሦስተኛው ዓመት ነው፤ ሹፌሩ ሜዳ ላይ ደክሞት «ና ያዝ» ሲለው። ፍሪሲዮን ሁለቴ መርገጥን ያኔ ተማረ፦ ረግጦ ዜሮ ማርሽ፣ ለቅቆ ትንሽ ነዳጅ፣ እንደገና ረግጦ ዝቅተኛው ማርሽ። ነዳጁ የጥርሶቹን ፍጥነት ካላስተካከለ ካምቢዮው ይጮሃል። «ሲጮህ ሹፌሩ በኩርኩም ይለኝ ነበር» ይላል እየሳቀ።

ያ ጩኸት ዕድሜው ረጅም ነው። ፈረንሳዊው ኤሚል ሌቫሶር እ.ኤ.አ. በ1891 ጥርስን እያንሸራተተ የሚያገናኝ ካምቢዮ መኪና ላይ ሲገጥም ነው የጀመረው። በ1928 ካዲላክ ጥርሶቹ ከመግባታቸው በፊት ፍጥነታቸውን የሚያስተካክል ነገር ጨመረበት፤ የሚፋተግ ቀለበት ነው፣ ሌላ ትንሽ ፍሪሲዮን። በ1940ው ሞዴል ደግሞ ኦልድስሞቢል ግራውን ፔዳል ጭራሽ አስቀረው። ኦቶማቲክ እንግዲህ ይሄን ያህል አሮጌ ነው። እኛ ጋ ማንዋል የቆየው ርካሽ ስለሆነና የሰፈር መካኒክ ሊፈታው ስለሚችል ይመስለኛል።

አሁን ግን በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ኤሌክትሪክ ካልሆነ የግል መኪና እንዳይገባ ከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪና ፍሪሲዮን የለውም። ሞተሩ ከቆመበት መነሳት ስለሚችል የሚያፋትገው አያስፈልገውም። ጓደኞቼ «ምን አደከመሽ፣ ኦቶማቲክ ተምረሽ አትወጪም?» ይሉኛል። ለነገሩ እውነታቸውን ነው። ግን አባዬ የሚያወራው ቋንቋ አለ፤ ከዚህ ቤት እሱን የሚሰማው ሰው የለም። ወንድሞቼ ውጭ ናቸው፣ እናቴ መኪና አትወድም። ካምቢዮው ጮኸ ሲል እኔ እንኳ ለይሉኝታ ነበር የምስቀው።

መንጃ ፈቃዴን ባገኘሁ በመጀመሪያው እሑድ የአባዬን ቮልስ ይዘን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ወጣን። አጋማሽ ላይ አህዮች መንገዱን ዘግተው ቆምኩ። አህዮቹ አለፉ። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ስለቅ አፍንጫዋ ትንሽ ከፍ አለ፣ ድምጿ ወፈረ። ሲፋተጉ እግሬ ሥር ተሰማኝ። ግን ፈራሁና መልሼ ረገጥኩት።

አባዬ ምንም አላለም። በሩን ከፍቶ ወረደ። ጉልበቱን ያመዋል፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። በመስታወቱ አየሁት፤ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አንስቶ የኋላ ጎማው ሥር ወሽቆ ቀና አለና በእጁ ሂጂ አለኝ።