ተጠይቃ እውነቱን የተናገረች ሴት



ብዙዎቻችን እንጀራችንን የምናገኘው ከመንግሥት ነው፤ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት፣ በካውንቲ ሆስፒታል፣ በከተማ አውቶቡስ፣ በሒሳብ ክፍል። ስለ አለቃ በደል ስንጠየቅ «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» ብለን ዝም እንላለን። እንጀራችንን እንዳናጣ ስለምንፈራ ነው። የአሜሪካ ሕግ የምትናገረውን ሴት ለመጠበቅ እንዴት እንደበቃ ብናውቅ ግን ፍርሃታችን ይቀንሳል።

እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ፣ በሰባተኛው ክፍሉ፣ ሠራተኛን በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በጾታ ወይም በትውልድ አገር ማበላለጥን ከለከለ። አቤት ያለን ሠራተኛ መበቀልንም እንዲሁ። ነገር ግን ስቴቶችና ከተሞች አሠሪ ሆነው ሳለ ሕጉ አይነካቸውም ነበር። እነሱም የተካተቱት በ1972 በተደረገው ማሻሻያ ነው።

ከዚያም በኋላ አንድ ቀዳዳ ቀርቶ ነበር። ቀዳዳውን የደፈነችው እንደ እኛ የደመወዝ ሒሳብ ትሠራ የነበረች ሴት ናት። ቪኪ ክሮፎርድ በቴነሲ ስቴት፣ በናሽቪል ከተማ አስተዳደር 30 ዓመት አገልግላለች። በ2002 መሥሪያ ቤቱ በሠራተኛ ግንኙነት ኃላፊው ላይ የተነሣ የጾታ ትንኮሳ ወሬ ሲያጣራ እሷንም ጠየቃት። የደረሰባትን ተናገረች። ኃላፊው ምንም አልተደረገም። ማጣራቱ እንዳለቀ ግን እሷና ሌሎች ሁለት የመሰከሩ ሠራተኞች ተባረሩ፤ በእሷ ላይ የቀረበው ምክንያት የገንዘብ ማጉደል ነበር። በሒሳብ ሥራ ለሚኖር ሰው ከዚህ የከፋ ስም የለም።

ክሮፎርድ ከሰሰች። የሥር ፍርድ ቤቶች «ሕጉ የሚጠብቀው ራሷ አቤቱታ ያነሣችን እንጂ ተጠይቃ የመለሰችን አይደለም» ብለው መለሷት። እሷ ግን አልተወችውም። ጥር 26 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘጠኙም ዳኞች ለእሷ ወሰኑ። ዳኛ ዴቪድ ሱተር በጻፉት ውሳኔ፣ ተጠይቃ የተናገረችው ጥበቃ ካጣች አስተዋይ ሠራተኛ ሁሉ ዝም ማለትን ይመርጣል የሚል ሐሳብ አለ። ጉዳዩ ወደ ሥር ፍርድ ቤት ተመልሶ በ2010 ጁሪው ወደ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረደላት።

ልብ እንበል፤ ከጥያቄው እስከ ጁሪው ፍርድ ስምንት ዓመት ገደማ አለፈ። የተፈረደውም ገንዘብ የሚወጣው ከሕዝብ ካዝና ነው። ስለዚህ አንዲትን ሴት በጊዜ ሰምቶ ኃላፊን ማረም ለከተማውም ይረክሳል።

እኛስ ምን እናድርግ? የሒሳብ ሰው ያለ ደረሰኝ አይናገርም። በደል ሲደርስብን ቀኑን፣ የተባለውን፣ ምስክሩን እንጻፍ፤ የሥራ ግምገማችንንና የደረሱንን ደብዳቤዎች ቅጂ ቤታችን እናስቀምጥ። ቀንም እንቁጠር፦ ለፌዴራሉ የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን አቤት የሚባለው በ180 ቀን ውስጥ ነው፤ የስቴቱ የራሱ ሕግና መሥሪያ ቤት ካለው እስከ 300 ይደርሳል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ግን በ45 ቀን ውስጥ የመሥሪያ ቤቷን የእኩልነት አማካሪ ማነጋገር አለባት።

በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ደርሷት የምትጨነቅ እኅት ለብቻዋ አትቀመጥ፤ ይዛ ትምጣ፣ አብረን እናንብበው። ደጋፊዎቻችንም የምትሰጡን ርዳታ ለአስተርጓሚና ለምክር ሲውል ቀኑ ሳያልፍባት ትደርሳለች።