ጉጥ ያለበት ቀስት፦ የሒጃዝ ቀስት ሠሪዎችና የዑቅባ ኢብን ዓሚር ሐዲሶች

የሱረቱል አንፋል 60ኛ አንቀጽ በመስጊዶቻችን በተነሣ ቁጥር አንድ ሐዲስ አብሮት ይጠቀሳል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሚንበር ላይ ሆነው በአንቀጹ የተጠቀሰውን «ኃይል» ቀስት መወርወር ነው ብለው መተርጎማቸውን ኢማም ሙስሊም በሶሒሓቸው ዘግበዋል። የሐዲሱ አስተላላፊ ዑቅባ ኢብን ዓሚር አል-ጁሀኒ (ረ.ዐ) መሆናቸው ግን እምብዛም አይወሳም። ከእኚሁ ሰሓባ የተላለፈ ሌላ ሐዲስም አለ፤ እርሱ ስለ ቀስት ሳይሆን ስለ ገበያ የሚናገር በመሆኑ ከፊተኛው ጋር ሲነበብ አይታይም። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን በአንድነት ለማንበብ እንሞክራለን። መንገዳችንም ቀስቱ የሚሠራበት እንጨትና የእንጨቱ ነውር ይሆናል።

የሒጃዝ ዐረቦች ለቀስት የመረጧቸው እንጨቶች በዋናነት ሦስት ነበሩ፤ ነብዕ፣ ሸውሐጥና ሺርያን። የቋንቋ ሊቁ አል-ሙበረድ ሦስቱ አንድ ዛፍ እንደሆኑና ስማቸው የሚለያየው በበቀሉበት ስፍራ እንደሆነ ተናግረዋል፤ በተራራው አናት የበቀለው ነብዕ፣ በተዳፋቱ ላይ ያለው ሺርያን፣ ከግርጌው ያለው ሸውሐጥ ይባላል። ሌሎች ሊቃውንት በዚህ ባይስማሙም፣ የሁሉም ምርጫ የተራራው ነብዕ ነበር። ነብዕ በአብዛኛው ከአገራችን ለንቋጣ ጋር ከአንድ ወገን እንደሆነ ይነገራል። ኢብን ሰዕድ (እ.ኤ.አ. በ845 የሞቱት) በጦቦቃታቸው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀስቶች አንዱ ከሸውሐጥ፣ ሌላው ከነብዕ የተሠሩ እንደነበሩ መዝግበዋል።

ምርጥ እንጨትም ቢሆን ከነውር አይጸዳም። ቀስት ሲሳብ ከዒላማው በኩል ያለው ጀርባው ይለጠጣል፤ ወደ ወርዋሪው የዞረው ሆዱ ደግሞ ይታመቃል። ቅርንጫፍ በበቀለበት ቦታ የሚቀረው ጉጥ የእንጨቱን ክሮች ከመስመራቸው ያስወጣል። ሠሪው ጉጡን ከሌላው እኩል ቢልገው የተቆረጡት ክሮች በመለጠጥ ጊዜ ይነሣሉ፤ ስብራቱም ከዚያ ይጀምራል። ስለዚህ ባለሙያ የሆነ ሰው የክሩን ጠመዝማዛ ሂደት ተከትሎ ይጠርባል፤ በጉጡ ዙሪያም እንጨቱን ወፈር አድርጎ ይተወዋል። ዐረቦች ሳይሰነጠቅ ከሙሉ ዘንግ የተሠራውን ቀስት ቀዲብ፣ ከተሰነጠቀ ዘንግ ግማሽ የተሠራውን ደግሞ ፊልቅ እያሉ በስም መለየታቸው ለእንጨቱ አፈጣጠር የነበራቸውን ጥንቃቄ ያሳያል።

ሁለተኛው ነውር ስንጥቅ ነው። እርጥብ እንጨት ከላይ ፈጥኖ ሲደርቅና ውስጡ እርጥበቱን ይዞ ሲቆይ፣ የላዩ እየተኮማተረ ይሰነጠቃል። መፍትሔው መታገሥ ነበር። ጃሂሊያንም እስልምናንም የኖሩት ገጣሚ አሽ-ሸማኽ ኢብን ዲራር ስለ አንድ ቀስት ሠሪ በገጠሙት ቅኔ፣ ሰውየው ዘንጉን ከጥቅጥቅ ቁጥቋጦ ውስጥ ቆርጦ ካወጣ በኋላ ከነልጡ ሁለት ዓመት እንዳቆየው ይተርካሉ። ልጡ እርጥበቱን በዝግታ ስለሚለቅ እንጨቱ ሳይሰነጠቅ ይጠነክራል። ሰውየው በመጨረሻ ቀስቱን በሐጅ ወቅት ገበያ ሸጦ አልቅሷል። ማሕሙድ ሙሐመድ ሻኪር በሃያኛው ክፍለ ዘመን «አል-ቀውስ አል-ዐዝራእ» የተሰኘውን ሥራቸውን የጻፉት ከዚሁ ታሪክ ተነሥተው ነው።

ሦስተኛው ነውር ጥመት ነው። ለዚህ የተሠራው መሣሪያ ሲቃፍ ይባላል፤ ርዝመቱ አንድ ክንድ የሚያህል፣ ጫፉ ላይ ቀስት የሚያስገባ ቀዳዳ ያለው ጠንካራ እንጨት ነው። ጠማማው ዘንግ በቀዳዳው ገብቶ ማቅናት በሚያሻው ቦታ ላይ ይጫናል። የመዝገበ ቃላት ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ይህ የሚደረገው ዘንጉ ዘይት ተቀብቶ በእሳት ከሞቀ በኋላ ብቻ ነው፤ ያልለሰለሰውን በግድ ማቅናት መስበር ነውና። ዛሬ በዐረብኛ ባህልንና ዕውቀትን የምንጠራበት «ሠቃፋ» የሚለው ቃል ከዚሁ ሥር የወጣ መሆኑን ለመምህራን ማስታወስ አይከፋም።

ለጉጥም ስም አለው፤ «ኡብና»። ቃሉ ከእንጨት ወደ ሰው ተሻግሮ ነውርን ለማመልከት ዋለ፤ ግሡም ሰውን በነውር መጠርጠር ማለት ሆነ። በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ላይ የሐሰት ወሬ በተነዛ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤተሰባቸውን በነውር የወነጀሉትን ሰዎች የጠቀሱት በዚሁ ግሥ ነው። ከዚህ የምንረዳው የእንጨት ነውር ለዚያ ማኅበረሰብ ተራ ነገር እንዳልነበረ ነው። በቀስት ላይ የሚጠመጠመው ጅማት እንኳ ስሙ በጥንቃቄ ተወስኗል። ኢብን መንዙር በሊሳኑል ዐረብ «ጀላኢዝ» የሚባለው ጥምጥም ነውር በሌለበት ቀስት ላይ የሚደረገው ብቻ እንደሆነ አስፍረዋል። ለማጠንከር የተጠመጠመው ጅማትና ስንጥቅ ለመሸፈን የተጠመጠመው በስም እንዳይቀላቀሉ ተደርጓል ማለት ነው።

ወደ ዑቅባ (ረ.ዐ) እንመለስ። ኢብን ማጃህ ከእርሳቸው እንደዘገቡት፣ ሙስሊም ነውር ያለበትን ዕቃ ነውሩን ሳይገልጽ ለወንድሙ መሸጥ አይፈቀድለትም። ኢማም አል-ቡኻሪም በግብይት ምዕራፍ ይህንኑ የዑቅባ ቃል አድርገው ሲጠቅሱ፣ ሻጩ ነውሩን የሚያውቅ ከሆነ የሚል መለያ ይገኝበታል። ዑቅባ ቀስት ሻጭ ነበሩ አንልም። ሆኖም ዕድሜያቸው ገፍቶ እንኳ በሁለት ዒላማዎች መካከል እየተመላለሱ ይወረውሩ እንደነበር ሙስሊም ዘግበዋል። በ58 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 678) ሲሞቱም ሰባ ያህል ቀስቶችን ከነፍላጾቻቸው ትተው በአላህ መንገድ እንዲውሉ መናዘዛቸው ተወስቷል። በአንዲት ፍላጻ ምክንያት ሦስት ሰዎች ጀነት እንደሚገቡ፣ ከሦስቱም አንዱ በሥራው መልካምን ያሰበ ሠሪ እንደሆነ የሚናገረው ሐዲስም፣ በሰነዱ ላይ ሊቃውንት ቢነጋገሩበትም፣ የተላለፈው ከእርሳቸው ነው።

«የሚያውቅ ከሆነ» የሚለው መለያ ክብደቱ በፊቅህ ይታያል። ማሊኪው ኸሊል ኢብን ኢስሐቅ በሙኽተሰራቸው፣ ዕቃው ካልተቀየረ በቀር ሊታይ የማይችል ነውር፣ ለምሳሌ በእንጨት ውስጥ ያለ ነቀዝ፣ ዕቃውን ለመመለስ ምክንያት እንደማይሆን ያስቀምጣሉ። ገዢም ሻጭም እኩል አያውቁትምና። ታዲያ ቀስት ሠሪው ከማን ይመደባል? ዘንጉን ሁለት ዓመት የጠበቀ፣ በእሳት ያሞቀ፣ እያንዳንዱን ጉጥ በጣቱ የዳሰሰ ሰው አላየሁም ሊል አይችልም። በእኛ ግንዛቤ ሙያው ራሱ ዕውቀትን ያስከትላል፤ ዕውቀቱም መግለጽን ግዴታ ያደርግበታል።

ይህ ማለት ግን ሠሪው ቀስቱ እንዳይሰበር ዋስ ይሆናል ማለት አይደለም። በ3 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 625) በኡሑድ ቀን አቡ ጦልሐ (ረ.ዐ) ከአሳሳባቸው ብርታት የተነሣ ሁለት ወይም ሦስት ቀስት መስበራቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። «አል-ከቱም» የተባለው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀስትም በዚያው ቀን መሰበሩ ተዘግቧል። «ከቱም» ደግሞ ከትርጉሞቹ አንዱ ስንጥቅ የሌለበት ቀስት ማለት ነው። ነውር የሌለበትም ይሰበራል፤ ይህ የአላህ ውሳኔ ነው። ከሠሪው የሚጠየቀው የሚያውቀውን አለመደበቅ ነው።

እኛ በመድረሳም በዩኒቨርሲቲም ስንማር የዑቅባን ሐዲሶች ያገኘናቸው በተለያዩ ምዕራፎች ተበታትነው ነው፤ አንዱ በጂሃድ፣ ሌላው በግብይት። አከፋፈሉ ለፈላጊ ቢመችም ሰውየውን ይበታትናል። የአንፋልን አንቀጽ በኹጥባ የሚያነሡ ኢማሞች የዚያኑ ሰሓባ የግብይት ሐዲስ አብረው ቢያነቡ፣ አድማጩ ነጋዴና ባለ እጅ «ኃይል» ለእርሱም ምን እንደሚያዝዘው ይሰማል። ነውሩ በተሸፈነ ቀስት የተሰለፈ ወርዋሪ ኃይል አለኝ ብሎ የሚያስበው እስከ መጀመሪያው ስቦሽ ድረስ ነው። ወላሁ አዕለም።