ሃያዎቹ ጥያቄዎች፦ የተማሪ ጭንቀት በምን ይለካል?

 

ልጁን ዩኒቨርሲቲ የላከ ወላጅ ስልክ ደውሎ «እንዴት ነህ?» ይላል፤ ልጁም «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ብሎ ይመልሳል። ምላሹ ያማረ ነው። ነገር ግን እንቅልፍ ያጣውም፣ ተስፋ የቆረጠውም ልጅ የሚመልሰው ይህንኑ ነው። ታዲያ የውስጡ ጭንቀት በምን ይታወቃል? በዛሬው ዝግጅታችን ሐኪሞች ለዚህ ብለው ያዘጋጁት መጠይቅ ከየት ተነስቶ ወደ እኛ ተማሪዎች እንደደረሰ እንመለከታለን።

የነፍስን ሕመም ለይቶ ማየት ለሙስሊሙ ዓለም እንግዳ ነገር አይደለም። በሦስተኛው የሒጅራ ክፍለ ዘመን የተወለዱት አቡ ዘይድ አል-በልኺ «መሷሊሑል አብዳን ወል አንፉስ» በተሰኘው ሥራቸው የአካልንና የነፍስን ጤንነት ጎን ለጎን አድርገው ጽፈዋል። ቁጣን፣ ፍርሃትን፣ ሐዘንንና ወስዋስን ለየብቻቸው ተመልክተዋል። ጭንቀትን በቁጥር መለካት ግን የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ዴቪድ ጎልድበርግ እ.ኤ.አ. በ1972 60 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ይዘው ቀረቡ። ከዚያ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ሐኪም እምብዛም ለሌላቸው አገሮች የሚሆን አጭር መጠይቅ አስጠና። ጥያቄዎቹ 20 ሲሆኑ፣ ያለፉትን 30 ቀናት የሚመለከቱና «አዎ» ወይም «የለም» ተብለው የሚመለሱ ናቸው። ራስ ምታት አለብህ? እንቅልፍ ይነሳሃል? የምግብ ፍላጎትህ ቀንሷል? ከወትሮው ይበልጥ ታለቅሳለህ? ሕይወትህን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶብሃል? ማንበብ ለማይችል ሰው ጤና ሠራተኛ ያነብለታል። እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመው ጥናት በኮሎምቢያ፣ በሕንድ፣ በፊሊፒንስና በጎረቤታችን ሱዳን ወደ ጤና ተቋም ከመጡ 1,624 ታካሚዎች መካከል 225ቱ የአእምሮ ሕመም እንዳለባቸው አሳየ። በአካል ሕመም ስም የተሸሸገ ብዙ ጭንቀት መኖሩ በዚህ ታወቀ።

ይሁን እንጂ መጠይቁ አገር ሲቀይር ቋንቋም ይቀይራል። ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ፍራንክ ኮርትማን መጠይቁን በኢትዮጵያ ፈትሸው እ.ኤ.አ. በ1988 እና በ1990 ጽሑፎች አወጡ። የመረመሩትም ተጠያቂው ጥያቄውን እንዴት እንደተረዳውና በምን ፍላጎት ተነሳስቶ እንደመለሰ ነበር። በዚህም ጉድለቶች እንዳሉ አመለከቱ። ነገሩን ለመረዳት የራሳችንን አነጋገር ማየት ይበቃል። ከጥያቄዎቹ አንዱ ሆድ ውስጥ የማይመች ስሜት እንዳለ ይጠይቃል። እኛ ግን «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ስንል ናፍቆታችንን፣ «ሆድ ባሰኝ» ስንል ሐዘናችንን እንጂ የጨጓራ ሕመም ማለታችን አይደለም። ጠያቂው ይህን ካላወቀ የልብን ነገር ለጨጓራ ይጽፈዋል።

ዚምባብዌ ውስጥ ሥራው ከሌላ አቅጣጫ ተጀመረ። ቪክራም ፓቴልና ባልደረቦቻቸው ሕዝቡ ጭንቀቱን በራሱ አንደበት እንዴት እንደሚገልጸው አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1997 በሾና ቋንቋ 14 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አወጡ። «ኩፉንጊሲሳ» የሚለው የሾና ቃል «ማሰብ ማብዛት» ማለት ነው። «ሐሳብ በዛብኝ» ለምንል ለእኛ ትርጉም አያሻውም።

አሁን ወደ ተማሪዎቻችን እንምጣ። በሃያዎቹ ጥያቄዎች ከተሠሩ ጥናቶች መካከል እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው የአዳማ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 21.6 ከመቶ፣ በ2015 የታተመው የጎንደሩ ደግሞ 40.9 ከመቶ የሚሆኑ ተማሪዎች ላይ የአእምሮ ጭንቀት ምልክት አግኝቷል። ታዲያ የጎንደር ተማሪ ከአዳማው እጥፍ ተጨንቋል እንበል? አንቸኩል። «ከስንት አዎ በላይ ጭንቀት ይባላል?» የሚለው ነጥብ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ በየአገሩ ተፈትኖ መወሰን አለበት። ጊዜውም ይታይ። በረመዷን ፆመኛ ተማሪ፣ ለሱሑር ተነስቶ ተራዊሕ ሰግዶ ያደረ፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ድካምና ስለ ራስ ምታት ቢጠየቅ «አዎ» ይላል። ፈተና የደረሰበትም እንዲሁ ነው። «ዋጋ ቢስ ነኝ ብለህ ታስባለህ?» ሲባልም አንዱ በአላህ ፊት ያለውን ድክመት አስቦ፣ ሌላው ከልቡ ተስፋ ቆርጦ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣሉ።

በተቃራኒው ያለው ስህተት ግን ይብሳል። ራስን ማጥፋት ሐራም መሆኑን የሚያውቅ ልጅ ሐሳቡ እየመጣበት፣ ኢማኑ የተጠየቀ መስሎት በኀፍረት «የለም» ሊል ይችላል። ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ ልጁ ግን አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ ለዚህ ጥያቄ «አዎ» ያለ ሰው የሌሎቹ መልሶች ድምር ትንሽ ነው ተብሎ አይታለፍም፤ ፈጥኖ ሐኪም ዘንድ ይደርሳል።

ወላጆች ሆይ! መጠይቅ በር ያንኳኳል እንጂ ፍርድ አይሰጥም። ብዙ «አዎ» ያለው ሁሉ በሽተኛ አይደለም፤ «የለም» ያለውም ሁሉ ደህና አይደለም። ልጃችን ሲደውል «ደህና ነኝ» ባለው ላይ ሁለተኛ ጥያቄ እንጨምር፦ ሌሊት እንዴት ታድራለህ? ከማን ጋር ትበላለህ? ምን ያሳስብሃል? እውነቱን ሲነግረንም በተግሣጽ አፉን አንዝጋው። ዱዓችንን ሳናቋርጥ ወደ ሕክምናም እንውሰደው። የተጨነቀ ልጅ የሚናገረው ለሚሰማው ሰው ነውና።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።