የጸጋ ልዩነትና የመንፈስ አንድነት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ታሪክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአፍ የማይነገር፥ ነገር ግን በብዙዎች ልብ የሚያድር አንድ ኀዘን አለ። ቅኔ የሚቀኘው፥ ዜማ የሚያዜመው፥ መጽሐፍ የሚተረጕመው ይከበራል፤ ውኃ የሚቀዳው፥ ማገዶ የሚሸከመው፥ ለማኅበሩ እንጀራ የምትጋግረው እናት ግን ስማቸው አይነሣም። ከዚህ የተነሣ የተከበረው ይታበያል፤ ያልተከበረውም ለምንም አልረባም ብሎ ያዝናል። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት በ12ኛው ምዕራፍ እነዚህን ሁለት ደዌዎች በአንድ መድኃኒት ይፈውሳቸዋል። ጸጋው ብዙ ነው፥ ሰጪው መንፈስ ግን አንድ ነው፤ በአንድ አካል ውስጥ ያለ ብልት ሌላውን ብልት አልፈልግህም ሊለው አይችልም ብሎ ያስተምራል። እኛም ዛሬ ይህን ትምህርት በወሎ ምድር፥ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ታሪክ እንመለከተዋለን።

ይህ ገዳም ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ቀድሞ ዙሪያውን ውኃ የከበበው ደሴት ነበር፤ ዛሬ ግን በአንድ ወገን ከየብስ ጋር ተያይዟል። የተሰየመበትም ቅዱስ ራሱ ለነገራችን ምስክር ነው። በኢየሩሳሌም የነበሩት ምእመናን በመበለቶች ምግብ ምክንያት ባጕረመረሙ ጊዜ፥ በማዕድ ላይ ሰባት ዲያቆናት ተሾሙ፤ ከእነርሱም አንዱ እስጢፋኖስ ነበረ። ለማዕድ አገልግሎት የተመረጠው ሰው የመጀመሪያው ሰማዕት ሆነ። እንግዲህ ማዕድ ማቅረብ ታናሽ ሥራ ነው የሚል ማን ነው?

አባ ኢየሱስ ሞአ በ1206 ዓ.ም. ገደማ በዳህና ተወለዱ። በ30 ዓመታቸው ወደ ደብረ ዳሞ ሄደው በአባ ዮሐኒ ዘንድ መነኰሱ፤ በዚያም መጻሕፍትን መጻፍ ተማሩ። በ1240 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሐይቅ መጥተው፥ ኅዳር 26 ቀን 1286 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ 45 ዓመት ያህል ማኅበሩን መሩ። በገዳም ቋንቋ «አንድነት» ማለት ጸሎቱም፥ ሥራውም፥ ማዕዱም የጋራ የሆነበት፥ ማንም ይህ የእኔ ነው የማይልበት ኑሮ ነው። ነገር ግን በአንድ ማዕድ የሚቀመጡ ሁሉ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠሩም።

ለዚህ አባታችን ለገዳሙ ያሠሩት የአራቱ ወንጌል መጽሐፍ ማስረጃ ነው። የተጻፈው በ1273 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፥ የእርሳቸውም ሥዕል ይገኝበታል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ እንዴት እንደሚሠራ እናስብ። አንዱ ቆዳውን ወጥሮ፥ ጠጕሩንና ስቡን ፍቆ ብራና ያደርገዋል፤ አንዱ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም ይበጠብጣል፤ ቁም ጸሐፊው ብርዑን ቀርጾ ይጽፋል፤ ሠዓሊው ይሥላል፤ ደጓሹ ይደጕሳል። ብራና ፋቂው ቢታክት ጸሐፊው በምን ላይ ይጽፋል? ጸሐፊውስ ባይኖር ብራናው ባዶውን ይቀር የለምን? ሁሉም የየድርሻቸውን በፈጸሙ ጊዜ ግን ሕዝቡ የሚሰማው የፋቂውን ወይም የጸሐፊውን ስም ሳይሆን የክርስቶስን ቃል ነው።

አንድ መቶ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ጊዮርጊስ የሚባል የአንድ ሊቅ ልጅ ለትምህርት ወደ ሐይቅ ገባ። ገድሉ እንደሚተርከው ትምህርቱ አልገባው አለ። ወደ አባቱ ሊመልሱት ቢያስቡም፥ አባቱ ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን መልሼ አልወስድም አለ። ስለዚህ ልጁ በወፍጮ ቤት እህል እየፈጨ ማኅበሩን አገለገለ፤ በእመቤታችንም ሥዕል ፊት እያለቀሰ ይለምን ነበር። በኋላም የዕውቀት ጸጋ ተሰጠው። መጽሐፈ ምሥጢርንና ሰዓታትን የደረሱት ታላቁ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ እኒህ ናቸው።

ነገር ግን ከዚህ ታሪክ የምንማረው ፈጪው ደራሲ ስለ ሆነ ከበረ የሚለውን ብቻ አይደለም። ዕድሜውን ሁሉ በወፍጮው ቢኖር እንኳ አገልግሎቱ አይናቅም ነበር፤ ሊቃውንቱ የሚበሉት እርሱ የፈጨውን ነበርና። ማኅበሩም ትምህርት ያልገባውን ልጅ አውጥቶ ቢጥል ኖሮ፥ እግዚአብሔር ያስቀመጠለትን ሀብት ሳያውቅ በጣለ ነበር።

ሐይቅ ልጆቹን ለራሱ ብቻ አላስቀረም። አባ ተክለ ሃይማኖት በዚያ ከተማሩ በኋላ በደብረ ዳሞ አልፈው፥ በሸዋ ኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ደብረ አስቦን መሠረቱ፤ አባ ኂሩተ አምላክም በጣና ዳጋ እስጢፋኖስን መሠረቱ። የሐይቁ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት ተባሉ፤ የደብረ ሊባኖሱም እጨጌ ተባሉ። ከጊዜ በኋላ ግን በሁለቱ ቤቶች መካከል የአባትነት ክርክር ተነሣ። በደብረ ሊባኖስ በኩል፥ አባ ተክለ ሃይማኖት ከዳሞ ሲመለሱ ለመምህራቸው ለአባ ኢየሱስ ሞአ ቆብና አስኬማ ሰጡ ይባላል፤ በሐይቅ በኩል ግን የአባትነቱ ክብር የአባ ኢየሱስ ሞአ ነው ይባላል። ወገኖቼ፤ መምህር ከደቀ መዝሙሩ ቢቀበል ውርደት ነውን? ጌታችን በአገልጋዩ በዮሐንስ እጅ ተጠምቆ የለምን? ጸጋ መመኪያ በሆነች ጊዜ አንድነት ይቈስላል፤ መገልገያ በሆነች ጊዜ ግን አንዱ ቤት ለሌላው በረከት ይሆናል።

ወደዚያው ወደ አምባሰል ምድር መስከረም 21 ቀን የሄደ ሰው ይህን በዓይኑ ያያል። ትውፊቱ የቅዱስ መስቀሉ ግማድ አለበት ወደሚለው ወደ ግሸን አምባ ከየአገሩ ምእመናን ይወጣሉ። ብርቱው ደካማውን ይደግፋል፤ ስንቅ ያለው ለሌለው ያካፍላል፤ ካህኑ ይቀድሳል። መንገደኛው ብዙ ነው፤ የሚሳለሙት መስቀል ግን አንድ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዳችን የተሰጠንን ጸጋ እንወቅ፤ ለሌላው የተሰጠውንም አንመኝ፥ አንናቅም። በሚመጣው እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ፥ ግቢውን የሚጠርገውን፥ ውኃውን የሚቀዳውን፥ ደጁን የሚጠብቀውን ሰው ስሙን ጠርታችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን በሉት። የተጋገረውን የበላን ሁሉ የወፍጮው ባለ ዕዳዎች ነንና።

ጸጋን ለእያንዳንዱ እንደ ፈቃዱ የሚያድል እግዚአብሔር በአንድ ልብ ያጽናን፤ የአባቶቻችንም በረከት ይደርብን። ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ ለዘለዓለሙ፤ አሜን።